አንጋፋው የጌም ዲዛይነር እና የማያቋርጥ ሙከራ



ዛሬ የማነሳው ጥያቄ በቪዲዮ ጌም ሥራ ሃያና ሠላሳ ዓመት የቆየን ዲዛይነር የሚመለከት ነው። እንዲህ ያለ ሰው በየሥራው አዲስ ነገር መሞከሩ ይጠቅመዋል ወይስ የገነባውን ይንድበታል? ከእናንተ ብዙዎቹ የመጀመሪያ ጌማችሁን ገና ስላልሠራችሁ ጥያቄው የሩቅ ሊመስላችሁ ይችላል። የሙከራ ልማድ የሚያዘው ግን በጀማሪነት ዘመን ነው።

የእኔ አቋም ይህ ነው፦ አንጋፋው የፈለገውን ያህል ይሞክር፤ የሞከረውን የመጣል ነጻነቱን ግን ከእጁ አያውጣ።

ሲድ ማየርን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1982 ማይክሮፕሮዝ የተባለውን ኩባንያ ከመሠረቱት ሁለት ሰዎች አንዱ ሲሆን፣ ስሙ በመጀመሪያ የታወቀው በውጊያ አውሮፕላንና በባሕር ሰርጓጅ ጌሞች ነበር። በ1991 የወጣው ሲቪላይዜሽን ዛሬ የምናውቀው በተራ የሚካሄድ ጨዋታ ነው፤ አጀማመሩ ግን እንዲህ አልነበረም። በመጀመሪያው የሙከራ ቅጂ ተጫዋቹ አሰበም አላሰበም ጊዜው ይሮጥ ነበር። ማየር ቅጂውን በፍሎፒ ዲስክ ለባልደረባው ለብሩስ ሼሊ ይሰጣል፤ ሼሊ ተጫውቶ የተሰማውን ይነግረዋል፤ ማየር ኮዱን አርሞ አዲስ ቅጂ ይዞ ይመለሳል። ሩጫው ተጫዋቹን ከሠሪነት ይልቅ ወደ ተመልካችነት እንደሚገፋው ሲታወቅ፣ ያ ሁሉ ድካም ተጥሎ ጨዋታው በተራ ሆነ። ለዚህ ውሳኔ የአንድ ባልደረባ አስተያየትና የዲዛይነሩ ፈቃድ በቂ ነበሩ።

ከዓመታት በኋላ ይኸው ሰው ፊራክሲስ በተባለው ኩባንያው ስለ ዳይኖሰር ጌም ሊሠራ ተነሣ። በተራ እንዲሆን አድርጎ ሞከረው፤ ጊዜ እንዲሮጥበት አድርጎ ሞከረው፤ የካርታ ጨዋታም አድርጎ ሞከረው። አንዱም አልጣመም፤ ስለዚህ ተወው። ቀጥሎ የጎልፍ ሜዳ ስለ መገንባት ጌም ሠራ፤ እርሱም በ2002 ለገበያ ቀረበ። ዳይኖሰሩን የጠበቁ ተጫዋቾች ቅር ሳይሰኙ አልቀሩም። እኔ ግን የሰውየውን አንጋፋነት ከታተሙት ሥራዎቹ እኩል የማየው በዚህ ባልወጣው ጌም ውስጥ ነው።

ተቃራኒውን ፒተር ሞሊኒው ያሳየናል። በ1989 ፖፑለስ በተባለው ጌሙ ተጫዋቹን በአምላክ ቦታ አስቀምጦ ለአንድ የጌም ዘርፍ በር የከፈተ ሰው ነውና በድፍረቱ የሚታማ አይደለም። በ2009 ከተጫዋቹ ጋር የሚያወራ ማይሎ የተባለ ልጅ ለዓለም አሳየ፤ ማይሎ ግን ገበያ ላይ ሳይውል ቀረ። በ2012 ደግሞ ጎደስ ለተባለ ጌም ከሕዝብ ከግማሽ ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሰበሰበ፤ ከተባለው ብዙው ሳይፈጸም ቀረ። ሁለቱም ሰዎች ሞካሪዎች ናቸው። የማየር ዳይኖሰር ሲጣል ዕዳ አልተወም፤ ጎደስ ግን ገና በሐሳብ ሳለ ለሺዎች የተገባ ቃል ሆኗል፤ ቃልን ደግሞ እንደ ፍሎፒ ዲስክ መጣል አይቻልም። ስሙ ለገነነ ሰው ይህ አደጋ ይበረታል፤ የጀማሪን ሙከራ ማንም አይሰማለትም፣ እርሱ ግን ገና ሲያልም ጋዜጠኛ ይከበዋል።

ለልምምድ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በዚህ በጅግጅጋም ሆነ በደገሃቡርና በጉናጋዶ በኩል ሻሕ የማያውቅ አይኖርም። መሬት ላይ የሚሠመረው ሜዳ 24 ነጥቦች አሉት፤ እያንዳንዱ ተጫዋች 12 ጠጠር ይዞ በየተራ ይደረድራል። ድርድሩ ሲያልቅ ሜዳው ስለሚሞላ፣ ጠጠር ካልተነሣ ማንም ንቅንቅ አይልም። በድርድሩ ወቅት መብላት የለም፤ ስለዚህ የጨዋታው ግማሽ ንጹሕ ዕቅድ ነው። አሁን አንድ ቁጥር ብቻ ለውጡ፦ ለእያንዳንዱ 9 ጠጠር ስጡ። ስድስት ነጥብ ባዶ ይቀራል፤ ያ የተጨናነቀ ሜዳ ይፈታል፤ ዕቅዱም ሌላ ይሆናል። ሌላው ሁሉ ባለበት ስለቆየ ለውጡ ምን እንዳመጣ በግልጽ ታያላችሁ። ሦስት ሕግ በአንድ ጊዜ ብትለውጡ ግን የቱ ምን እንዳደረገ አታውቁም።

ዳኛ ስትሹ ዕድሜያቸውን በሻሕ ያሳለፉ አዛውንቶችን ጠይቁ። ሼሊ ለማየር የሆነለትን እነርሱ ይሆኑላችኋል፤ ምናልባትም ሁለት ዙር ሳይጫወቱ «ይህ ሻሕ አይደለም» ይሏችሁ ይሆናል። ያን ጊዜ ሜዳውን በእግራችሁ አጥፍታችሁ እንደገና ማስመር ትችላላችሁ።

ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።