ጥፋቱ የእጃችን አይደለም፦ የቃሪያ ዘርን በቤት ስለማብቀል
(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ በአባል የቀረበ ንግግር)



ሰፊ ጓሮ ለሌለን ለቀበና ሴቶች፣ በረንዳ ላይ የቆመ ሁለት ሦስት እግር ቃሪያ ለዕለት ወጪያችን ትልቅ ድጋፍ ነው። ነገር ግን ብዙዎች ዘሩን አፈር ውስጥ ጨምረው፣ ሁለት ሳምንት ጠብቀው፣ ምንም ሳይበቅል ሲቀር «የእኔ እጅ ለተክል አይሆንም» ብለው ይተዉታል። ጥፋቱ የእጅ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ያልበሰለ ዘርና ብርድ ነው።

ከዘሩ ልጀምር። ቃሪያ ብለን የምንገዛው ሳይቀላ የተቀጠፈ በርበሬ ነው። ውስጡ ፍሬ ቢኖረውም ገና ስላልጠነከረ አብዛኛው አይበቅልም። ለዘር የሚሆነው ተክሉ ላይ እንዳለ የቀላው ነው። ዛላ በርበሬም ይሆናል፤ እሳት የነካው፣ የሻገተ ወይም ዓመታት የቆየ ከሆነ ግን አትድከሙበት። ፍሬውን ስታወጡ እጃችሁን በፌስታል ሸፍኑ፣ ዓይናችሁን አትንኩ።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። በበርበሬ የታወቁት ማረቆ፣ አላባ፣ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ሁሉም ከእኛ ዝቅ ያሉና ሞቅ ያሉ አገሮች ናቸው። እኛ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ነን፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። የበርበሬ ዘር ደግሞ ለመብቀል ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ይወዳል። ከ15 በታች ሲሆን ብዙው አፈር ውስጥ ተኝቶ ይበሰብሳል።

መፍትሔውን ከብቅል ታውቁታላችሁ። ገብሱን ዘፍዝፈን፣ አጥልለን፣ በኮባ ጠቅልለን ሞቅ ያለ ቦታ እናስቀምጠው የለ? የበርበሬውም መንገድ ያው ነው፤ ትዕግሥት ብቻ ይጨምራል። 20 ፍሬ ቆጥራችሁ ለብ ባለ ውኃ አሳድሩ። ጠዋት በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ፌስታል ውስጥ ክተቱ። እንጀራ ስትጋግሩ ከምጣዱ አጠገብ አኑሩት፤ ምጣዱ ላይ ግን አይሁን፣ ይበስላል። ማታ በብርድ ልብስ ሸፍኑት። በየቀኑ ገልጣችሁ አየር ስጡት። በሙቀት ከ7 እስከ 14 ቀን ውስጥ ያጎነቁላል፤ ሚጥሚጣ ከዚያም ይዘገያል።

ነጭ ጫፍ ሲያወጣ ጫፉን ሳትነኩ፣ ታቹ በተበሳ ዕቃ ውስጥ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ቅበሩት። አፈሩ አሸዋና በደንብ የበሰበሰ ብስባሽ የተቀላቀለበት ይሁን። ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሥር አፈር አታምጡ፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል የሌላውን ቡቃያ ያቀጭጫል። ከቀበና ወንዝም አታጠጡ፤ የከተማው ፍሳሽ የገባበት ውኃ ለምንበላው ነገር አይሆንም። ቡቃያው ብቅ ሲል ወዲያው ወደ ብርሃን አውጡት፣ ውኃውንም ቀንሱ። ግንዱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቀጥኖ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ እርጥበት ሲበዛበት ነው።

ለመጀመር የካቲትና መጋቢት ጥሩ ናቸው። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲሞላው ወደ ሰፊ ዕቃ ይዛወራል፤ ክረምቱም ሳይገባ ይጠነክራል። የሐምሌ በረዶ እንዳይመታው ከጣሪያ ክፈፍ ሥር አስጠጉት።

በመጨረሻ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ማኅበራችን ዘር ገዝቶ ከማከፋፈሉ በፊት፣ ከእያንዳንዱ እሽግ 20 ፍሬ በጨርቅ እንፈትን። ከግማሽ በታች ከበቀለ ያንን ዘር ለአባል አንስጥ። የማይበቅል ዘር የሚያባክነው የደጋፊዎቻችንን ብር ብቻ አይደለም፤ አንዲት እናት በራሷ እጅ ላይ ያላትን እምነት ይወስድባታል። ፈተናውን ለመጀመር ፈቃደኛ የሆናችሁ፣ ለሚቀጥለው ስብሰባ አንድ ንጹሕ ጨርቅና አንድ የቀላ በርበሬ ይዛችሁ ኑ።