በራሱ ትንፋሽ የሚሠራ የውድድር ሞተር የአየርና የነዳጅ ምጣኔ



ለዛሬው ንግግር የመረጥኩት ርእስ፣ ተርቦ ሳይገጠምለት አየሩን በራሱ ትንፋሽ ብቻ እየሳበ የሚሠራ የውድድር ሞተር የአየርና የነዳጅ ድብልቁ እንዴት እንደሚስተካከል ነው።

አንድ ኪሎ ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር እንደሚፈልግ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ቁጥሩ የኬሚስትሪ እውነት ነው፤ ለውድድር ሞተር የሚስማማው ቁጥር ግን እርሱ አይደለም። በእንዲህ ያለ ሞተር ውስጥ እጥረቱ የኦክስጅን እንጂ የነዳጅ አይደለምና። ነዳጅ እንደ ልብ መጨመር ይቻላል፤ አየር ግን ፒስተኑ ስቦ ካስገባው በላይ አይገኝም። ድብልቁ በሲሊንደሩ ውስጥ ፍጹም እኩል ሆኖ ስለማይሰራጭ፣ ጥቂት ትርፍ ነዳጅ ካልገባ ሥራ ሳይሠራ የሚወጣ ኦክስጅን ይኖራል። ነበልባሉም ፈጥኖ የሚጓዘው ነዳጁ በመጠኑ በዛ ሲል ነው፤ ነዳጁም በሚተንበት ጊዜ የሚገባውን አየር ያቀዘቅዛል። ስለዚህ ከፍተኛው ጉልበት ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በ12.5 እና በ13.2 መካከል ነው።

በዚህ ክልል ውስጥ የጉልበቱ መስመር ከላይ ጠፍጣፋ ነው፤ ትንሽ ወዲህ ወይም ወዲያ ቢሉ ዳይናሞሜትሩ ልዩነቱን እምብዛም አያሳይም። የሁለቱ ጠርዞች ቅጣት ግን አይመጣጠንም። ነዳጅ ሲበዛ ጉልበቱ ቀስ በቀስ ይወርዳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ የሲሊንደሩ ግድግዳ ዘይት ይታጠባል። ሞተሩ ሙሉ ጭነት ተሸክሞ ሳለ ነዳጅ ሲያንስ ግን ሙቀቱ ይጨምራል፣ ያለጊዜው የሚፈነዳ ድብልቅ ይፈጠራል፤ ፒስተን እስከመበሳት የሚደርስ ጉዳትም በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ሊመጣ ይችላል። ተማሪዎቼን ሁልጊዜ ከሚበዛው ወገን ተነሥታችሁ ወደሚያንሰው ቅረቡ የምለው ስለዚህ ነው። ይህን ፍርሃት የሚሉት አሉ፤ የፒስተን ዋጋ ከፍለው የማያውቁ ናቸው።

አሁን ወደ አንድ ታሪካዊ ሞተር ልውሰዳችሁ። ኪት ዳክዎርዝ የነደፈው ባለ 3 ሊትር፣ ባለ 8 ሲሊንደር ኮስዎርዝ ዲ.ኤፍ.ቪ እ.ኤ.አ. በ1967 በኔዘርላንድ ዛንድቮርት፣ በመጀመሪያ ውድድሩ፣ ጂም ክላርክ በነዳው ሎተስ 49 ላይ አሸነፈ። ዛንድቮርት በባሕር ዳርቻ የምትገኝ ናት። በዚያው ዓመት ክላርክ በዚሁ ሞተር ያሸነፈባት ሜክሲኮ ሲቲ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,240 ሜትር ገደማ ትገኛለች። የሉካስ ነዳጅ መርጫው በእያንዳንዱ ዑደት የሚሰጠውን መጠን የሚወስነው ከአየር መግቢያው በር ጋር በተያያዘ ካም ነበር። ካሙ በሩ ምን ያህል እንደተከፈተ ያውቃል፤ አየሩ መሳሳቱን ግን አያውቅም።

ሒሳቡን እንሥራው። በመደበኛው የከባቢ አየር ሰንጠረዥ መሠረት በዚያ ከፍታ የአየሩ እፍጋት 20 በመቶ ያህል ይቀንሳል። በባሕር ጠለል 13 የነበረው ምጣኔ፣ ነዳጁ ካልተቀነሰ 10.4 ይሆናል ማለት ነው። የሚገርመው፣ ካርቡራቶር በዚህ ረገድ የተሻለ ይሆናል፦ የሚስበው ነዳጅ ከአየሩ እፍጋት ካሬ ሥር ጋር ስለሚሄድ ስሕተቱ እስከ 11.6 ብቻ ይደርሳል። ነዳጁን መቀነስ ግን የጠፋውን አየር አይመልስም፤ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉ ከአየሩ ጋር ሄዷል።

አዲስ አበባ ከሜክሲኮ ሲቲ ትበልጣለች። በሩ በምን ያህል እንደተከፈተና ሞተሩ በምን ፍጥነት እንደሚዞር ብቻ እያየ ነዳጅ የሚመድብ የውድድር ኮምፒውተር፣ የከባቢ አየር ግፊት መለኪያ ካልተገጠመለት፣ ከባሕር ዳር ይዞት የመጣው ሰንጠረዥ እዚህ አይሠራለትም። በተማሪዎች አካባቢ ጥቁር ጭስ ሲታይ መርጫው ተበላሽቷል ተብሎ ሲፈታ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። መርጫው ጤነኛ ነው፤ የተሳሳተው ሰንጠረዡ ነው።

በጣም ልታስቡበት የሚገባው ግን የኦክስጅን ሴንሰሩ ነው። ሴንሰሩ የሚያየው ኦክስጅንን እንጂ ነዳጅን አይደለም። ነዳጅ ከመጠን በላይ በዝቶ አንድ ሲሊንደር ሳይቀጣጠል ሲቀር፣ ያልተቃጠለው ኦክስጅን ወደ ማርሚታው ይወጣል፤ ሴንሰሩም «ነዳጅ አንሷል» ይላል። ቁጥሩን ያመነ ሰው ነዳጅ ይጨምራል፤ ሞተሩ የባሰ ይታመማል። ቫልቮቹ አብረው ተከፍተው በሚቆዩበት የውድድር ካም ላይ ደግሞ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ንጹሕ አየር በቀጥታ ያልፋልና ንባቡ አይታመንም። አማካይም ያታልላል፦ አራቱ ሲሊንደሮች 12.2፣ 12.6፣ 13.2 እና 14.0 ቢሆኑ ሴንሰሩ 13 ገደማ ያሳያል፤ በአደጋ ላይ ያለው አራተኛው ግን ማንም ሳያየው ይቃጠላል። ስለዚህ ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ አውጥቶ መመልከት ዛሬም አልቀረም።

ምጣኔው ከተስተካከለ በኋላ የማቀጣጠያው ጊዜ እንደገና መታየት አለበት፤ ነበልባሉ በሚጓዝበት ፍጥነት ላይ ለውጥ አድርገናልና። ይህን በሚቀጥለው ሳምንት በዳይናሞሜትሩ ላይ እንሠራዋለን። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።