ፓውዛ ከመግጠማችሁ በፊት፦ በቢቸናና በሞጣ መንገድ የማታ መብራት

የዛሬው ጉዳያችን ተጨማሪ የመኪና መብራት ነው፤ ሁላችንም በጅምላ ፓውዛ የምንለው። ከቢቸና፣ ከደብረ ወርቅና ከሞጣ የምታዳምጡን ሹፌሮችና ባለንብረቶች፣ በተለይ ለእናንተ ነው የምናገረው። ፓውዛ ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሜትር ይወረውራል?» ብሎ ነው። በእናንተ መስመር ግን መቅደም ያለበት ጥያቄ «የመንገዱን ግራና ቀኝ ምን ያህል ያሳየኛል?» የሚለው ነው። ምክንያቱን ላስረዳ።

ከደጀን ተነስቶ በቢቸናና በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ የሚዘልቀው መንገድ የጮቄን ተራራ በስተግራ፣ የአባይን ሸለቆ በስተቀኝ አድርጎ ነው የሚሄደው። ሙጋና ሱሃን የመሳሰሉ ወንዞች ከጮቄ ወርደው አባይ እስኪገቡ ይህን መንገድ ያቋርጡታል። ስለዚህ መንገዱ ሜዳው ላይ ዘና ብሎ ይቆይና ድንገት ወደ ድልድይ ይወርዳል፤ ይጠመዘዛል፤ መልሶ ይወጣል። ቁልቁለቱ ላይ ሩቅ ወርዋሪ መብራት የሚያበራው አጠገባችሁ ያለውን መሬት ነው። ዳገቱ አናት ላይ ስትደርሱ ሰማዩን ያበራል። ኩርባ ላይ ደግሞ ጨረሩ ቀጥ ብሎ ገደሉን ተሻግሮ ይሄዳል፤ እናንተ የምትታጠፉበት በኩል ጨለማ ነው።

አፈሩም የራሱ ጣጣ አለው። በቢቸና ዙሪያ ያለው ጥቁር ዋልካ ብርሃን ይውጣል። ክረምት ላይ ሲርስ ይብሳል፤ ውሃ የተኛበት መንገድ እንደ መስታወት ሆኖ ብርሃናችሁን ወደ ፊት ያንሸራትተዋል፤ ወደ ዓይናችሁ የሚመለሰው ጥቂቱ ነው። ከፊት የሚመጣው ሹፌር ግን ያው ብርሃን ከመሬት ነጥሮ ዓይኑ ውስጥ ይገባበታል። ዝናብ ሲጥል «መብራቴ ደከመ» የምትሉት ብዙውን ጊዜ አምፑሉ ደክሞ አይደለም።

አሁን የመንገዱን ዳር እንየው። የገበያ ቀን አመሻሽቶ ከአህያው ጋር ወደ ቀዬው የሚመለሰው ገበሬ የሚሄደው የመንገዱን ጠርዝ ይዞ ነው። ነጭ ጋቢ ከደረበ በአጭር መብራትም ከሩቅ ይታያል። አረንጓዴ ወይም ጠቆር ያለ ልብስ ከሆነ ግን ያው መብራት የሚያሳያችሁ 40 ሜትር ላይ ስትደርሱ፣ አንዳንዴም ከዚያ ቀርባችሁ ነው። የአህያ፣ የበሬ፣ የበግና የጅብ ዓይን ከውስጡ ብርሃን መላሽ ሽፋን ስላለው እንስሳው ፊቱን ወደ እናንተ ካዞረ ያበራል። የሰው ዓይን ያ ሽፋን የለውም። በወር በገባ በ21 ለማርያም ሌሊት የሚወጣው ምእመን ነጠላ ለብሷልና ይታያል፤ አጠገቡ የሚሄደው ልጅ ግን ጥቁር ሹራብ ለብሶ ሊሆን ይችላል። እኔን የሚያስፈራኝ ያ ልጅ ነው።

ሌላው የተበላሸ መኪና ነው። አይሱዙ ጎማው ፈንድቶ ሲቆም ረዳቱ ከኋላ ድንጋይ ይደረድራል፤ ቅርንጫፍ ቆርጦ መንገዱ ላይ ይጥላል። ቀን ላይ ሁላችንም የምናውቀው ምልክት ነው። ማታ ግን ቅጠል ብርሃን አይመልስም፤ ድንጋዩም ከጠጠሩ ይመሳሰላል። መኪናው ተጠግኖ ከሄደ በኋላም ድንጋዩ መሃል መንገድ ላይ ያድራል። እባካችሁ ስትነሱ ድንጋዩን አንሱ፤ አንጸባራቂ ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክትም ከመኪናችሁ አይጥፋ።

እዚህ ላይ ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ስትነዱ መኪናው በሴኮንድ 22 ሜትር ይሄዳል። አይታችሁ ፍሬን እስክትረግጡ አንድ ሴኮንድ ተኩል ቢፈጅ 33 ሜትር አለፈ። ከዚያ ጠጠር ላይ ለመቆም 60 ሜትር ያህል ይጨመራል፤ ድምሩ ከ90 ሜትር በላይ ነው። በ60 ስትነዱ 60 ሜትር ገደማ፣ በ40 ስትነዱ ደግሞ 35 ሜትር ገደማ ይበቃችኋል። እንግዲህ በአጭር መብራት ያንን ልጅ የምታዩት በ40 ሜትር ከሆነ፣ የምትችሉት ፍጥነት የትኛው እንደሆነ ከሂሳቡ ይታያል። ዋት በመጨመር ብቻ ከዚህ ማምለጥ አይቻልም። ብርሃን በርቀት ክፉኛ ይሳሳል፤ በእጥፍ ርቀት ያለን ነገር እኩል ለማየት አራት እጥፍ ብርሃን ያስፈልጋል።

ስለዚህ ለዚህ መስመር የቱ ይሻላል ብትሉኝ፣ ጨረሩን በስፋት የሚዘረጋ ጥንድ መብራት እመርጣለሁ፤ ከፓራውልቱ ከፍታ ሳያልፍ ዝቅ ብሎ የተገጠመ። ጠባብና ሩቅ ወርዋሪው ለቀጥታ ሜዳ መንገድ ይሆናል፤ አቅም ካለ በተጨማሪ ይገጠም። ጣሪያ ላይ የሚሰቀለውን ረጅም የኤልኢዲ ዘንግ ግን አልመክርም። ብርሃኑ ኮፈኑ ላይ አርፎ ወደ ዓይናችሁ ይመለሳል። አቧራና ጉም ሲኖር ደግሞ ከፊታችሁ ነጭ መጋረጃ ይዘረጋል፤ የብርሃኑ ምንጭ ለዓይናችሁ በጣም ስለቀረበ ነው። አጠገባችሁ ያለው መሬት ከመጠን በላይ ሲበራም ዓይን ከዚያ ጋር ይለማመድና ሩቁን ማየት ያቅተዋል። ሹፌሩ «ቀን አስመሰለው» ይላል፤ የሚያየው ግን ከበፊቱ አንሷል።

ኤልኢዲ በራሱ መጥፎ አይደለም። ከሃሎጅን በግማሽ ባነሰ ኮረንቲ ያንኑ ብርሃን ይሰጣል፤ ዲናሞው ለደከመ አሮጌ መኪና ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስህተቱ የኤልኢዲ አምፑል ገዝቶ ለሃሎጅን በተሠራ የፊት መብራት ውስጥ መክተት ነው። አንጸባራቂው ሳህን የተቀረጸው በሃሎጅኑ ክር ልክ ነው፤ የብርሃኑ መነሻ ጥቂት ሚሊ ሜትር ሲዛነፍ ጨረሩ ይበተንና ከፊት የሚመጣውን ያሳውራል። መብራቱን ሙሉ ዕቃውን ግዙ። መስታወቱ ላይ በክብ ውስጥ የተጻፈ የላቲን «ኢ» ፊደልና ቁጥር ፈልጉ፤ የጨረሩ አወራወር ተፈትሾ ለመጽደቁ ምልክት ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የሉመን ቁጥር ብዙም አትመኑት።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ግን ያለውን መብራት አስተካክሉ። ሜዳ ቦታ ላይ ከግድግዳ 10 ሜትር ርቃችሁ ቁሙ። የመብራታችሁን ከፍታ ለክታችሁ ግድግዳው ላይ በጠመኔ አስምሩ። የአጭር መብራቱ የላይኛው ጠርዝ ከመስመሩ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ይህን የምትሠሩት መኪናው እንደወትሮው ተጭኖ ነው። ጤፍ የጫነ አይሱዙ ኋላው ሲረግጥ አፍንጫው ቀና ይላል፤ ባዶውን የተስተካከለው አጭር መብራት ረጅም ሆኖ ቁጭ ይላል። ቢጫ የሆነውን የመብራት ሽፋን አስወልውሉ፤ የተጫጫረ የፊት መስታወትና ያረጀ የዝናብ መጥረጊያ ለውጡ።

ገጠማው ላይ የሚሠራው ጥፋት ቀጭን ሽቦ ከፊት መብራቱ ቀጥሎ መውሰድ ነው። ባለ 55 ዋት ሁለት አምፑል በ12 ቮልት 9 አምፔር ይስባል። ሽቦው ቀጥኖ ቮልቱ አንድ አስረኛ ቢቀንስ የሃሎጅን ብርሃን በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ሽቦውም ይሞቃል። ኤሌክትሪሻናችሁን ከባትሪው በቀጥታ፣ በባለ 15 አምፔር ፊውዝና በሪሌ፣ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ በሆነ ሽቦ እንዲያወርድላችሁ ንገሩት። ማሳው፣ ማለትም ከመኪናው አካል ጋር የሚገናኘው ሽቦ፣ ቀለሙ ተፍቆ ንጹሕ ብረት ላይ ይታሰር። ሪሌው የሚታዘዘው ከረጅም መብራቱ ይሁን፤ ያኔ አጭር ስታደርጉ ተጨማሪውም አብሮ ይጠፋል። ይህን ችላ አትበሉ። ከፊት ተሽከርካሪ ሲመጣ ረጅም መብራት መቀነስ በትራፊክ ደንባችን ግዴታ ነው፤ ለብቻው ማብሪያ ያለው ፓውዛ ግን ይረሳል። የተንጸባረቀበት ዓይን እስኪመለስ ጥቂት ሴኮንድ ይፈልጋል፤ በ60 ስትነዱ አንድ ሴኮንድ 17 ሜትር ነው።

ማታ መንዳትን መተው የምትችሉ ተዉት፤ የሰዓት ገደብ ሲኖርም አክብሩ። የአምቡላንስ ሹፌር ግን ምርጫ የለውም። ምጥ የጠናባትን እናት ከገጠር ቀበሌ ወደ ቢቸና ወይም ወደ ሞጣ ሆስፒታል ሲያመጣ በጨለማ፣ በጠጠር፣ በጭቃ ነው። በወረዳ ያላችሁ ኃላፊዎች፣ ለአምቡላንሱ ጎማ በጀት ስትይዙ ለመብራቱም ያዙ። የጣሪያው ቀይ መብራት መንገድ አያሳይም። ሹፌሩንም የዓይን ምርመራ አስደርጉት፤ ዳፍንት ያለበትን ሰው የትኛውም መብራት አይረዳውም።

በመጨረሻ ጉሙን። ሐምሌና ነሐሴ ከአባይ በረሃ ወደ ደጀን አፋፍ ስትወጡ፣ ሞጣ ዙሪያም ንጋት ላይ ያጋጥማችኋል። «ቢጫ ይሻላል» ይባላል፤ ፈረንሳይ በሕግ ሁሉም መኪና ቢጫ እንዲያበራ ያስገደደችው ከ1930ዎቹ እስከ 1993 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነበር፤ በኋላ ተወችው። የጉም ጠብታ ነጩንም ቢጫውንም እኩል ስለሚበትነው ዋናው ነገር ቀለሙ አይደለም፤ መብራቱ ዝቅ ብሎ መገጠሙና ጨረሩ ከላይ የተቆረጠ መሆኑ ነው። ጉም ውስጥ ረጅም መብራትና ሩቅ ወርዋሪውን አጥፉ፤ በአጭርና በጉም መብራት የመንገዱን ቀኝ ጠርዝ እያያችሁ ሂዱ። ጨርሶ ካልታያችሁ ከመንገዱ ሙሉ በሙሉ ወጥታችሁ ቁሙ፤ የፊት መብራቱን አጥፍታችሁ አራቱንም ፍሬቻ አብሩ። የፊት መብራቱ እየበራ የቆመን መኪና ሌላው ሹፌር መንገድ ላይ ያለ መስሎት ወደ እናንተ ሊመጣ ይችላል።