የመምህሩ ሥራና የእኛ ድርሻ
(በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ከቁጠባውና ከብድሩ ቀጥሎ የያዝነው አጀንዳ የሴት ልጆቻችን ነገር ነው። ለዚሁ እንዲረዳን ስለ አንድ መምህር እንጨዋወት።

በአርሲ በቆጂ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ገብስና ስንዴ የሚዘራባት ደጋ ናት። እዚያ ስንታየሁ እሸቱ የሚባሉ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ለብዙ ዓመታት አስተማሩ፣ አሠለጠኑም። የነበራቸው የአፈር ሜዳ፣ ዳገትና የባሕር ዛፍ ጫካ ነው። በእጃቸው ያለፉትን ግን አገር ያውቃቸዋል።

ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትርን ስታሸንፍ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች። ፋጡማ ሮባ በ1988 ዓ.ም. አትላንታ ላይ የኦሎምፒክ ማራቶንን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ናት። በ2000 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይ የወንዶችንም የሴቶችንም 5,000 እና 10,000 ሜትር፣ አራቱንም ወርቅ የወሰዱት ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ናቸው። ሁሉም የዚያው የበቆጂ አካባቢ ልጆች ናቸው።

ዛሬ ያነሳናቸው ግን ለወርቁ ብቻ አይደለም። በሂሳብ መዝገብ ገቢው ብቻ ተጽፎ ወጪው ቢቀር ሚዛኑ አይገጥምም። ሜዳሊያው ገቢ ነው። ወጪው የመምህሩ ንጋትና የመምህሩ ዕድሜ ነው። ከዚያ ሜዳ ከሮጡት ልጆች አብዛኞቹ ኦሎምፒክ አልደረሱም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው «ታውን ኦፍ ራነርስ» የተባለው ዘጋቢ ፊልም የሁለት የበቆጂ ልጃገረዶችን ታሪክ ሲከተል፣ መንገዱ ምን ያህል እንደሚከብድ ያሳያል። መምህር ከልጆቹ መካከል የትኛዋ እንደምትደርስ አስቀድሞ አያውቅም፤ ስለዚህ ሁሉንም ማሠልጠን አለበት። የመምህር አገልግሎት ትልቅነቱ እዚህ ላይ ነው።

ሌላም ወጪ አለ፤ እሱ የሚወጣው ከየቤቱ ነው። የመምህሩ ፊሽካ ልጅቱን ወደ ሜዳ ይጠራታል። ቤቱ ደግሞ ውኃ ቅጂ፣ እንጨት ልቀሚ፣ ሕፃን ያዢ ይላታል። ወንድሟ ኳስ ሊጫወት ሲወጣ ማንም አይጠይቀውም፤ እሷ ስትወጣ ግን «ሴት ልጅን ምን ያስሮጣታል?» ይባላል። እናት ያልለቀቀቻትን ልጅ የትኛውም አሠልጣኝ ሊያሠለጥናት አይችልም።

ቡሬያችንም ከ2,000 ሜትር በላይ ያለች ከተማ ናት። የገጠሩ ልጆቻችን ትምህርት ቤት በእግራቸው ይመላለሳሉ። መምህራንም አሉን። የጎደለው የልጅቱ ሰዓት ነው፤ እሱም ያለው በእኛ እጅ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር እናቀርባለን።

አንደኛ፣ እያንዳንዷ አባል ሴት ልጇን በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከትምህርት በኋላ አንድ ሰዓት ትልቀቅላት። የዚያን ቀን ውኃውን ወንድሟ ይቅዳ።

ሁለተኛ፣ እንደ ዕቁባችን ተራ ይውጣ። በየተራችን ሁለት ሁለት እናቶች ሜዳው ዳር እንቀመጥ፤ ማንኛዋም ልጅ ሲመሽ ለብቻዋ ወደ ቤቷ እንዳትሄድ።

ሦስተኛ፣ የየትምህርት ቤቱን የስፖርት መምህራን ወደ ስብሰባችን እንጥራ። ምን እንደጎደላቸው ከራሳቸው እንስማ። ለኳስም ይሁን ለጫማ የምናዋጣው ገንዘብ በደረሰኝ ይሰብሰብ፣ በመዝገብ ይስፈር፣ ሂሳቡም እንደ ቁጠባችን ለአባላት ይነበብ።

እህቶቻችን፣ ከልጆቻችን አንዲትም ሜዳሊያ ላታመጣ ትችላለች። ነገር ግን ጉልበቷን የምታውቅ፣ መምህሯ በስሟ የሚጠራት፣ እናቷ ሜዳ ዳር ቆማ ያየቻት ልጅ ታድጋለች። ይህን በኪሳራ የሚመዘግብ ሂሳብ የለም።

በሦስቱ ነጥቦች ላይ ተወያዩና እጃችሁን አውጥታችሁ ወስኑልን።