ያልተዘጋው ቅንፍ

(የበዓሉ መጽሔት ከመታተሙ በፊት፤ በወላጆች ቀን በአዘጋጆቹ ተማሪዎች ስም የተነገረ)



የትምህርት ቤታችንን የበዓል መጽሔት የምናሰናዳ እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች፤ ዛሬ ስለ አንድ ትንሽ መሣሪያ እንድንነግራችሁ ተፈቅዶልናል። ስሙ ቼክቴክ ይባላል፤ የጻፈውም የንስ ቤርገር ቲለማን ነው።

መቸም ነገሩን ከሥሩ መጀመር ይሻላል። አሜሪካዊው የኮምፒዩተር ሊቅ ዶናልድ ክኑት እ.ኤ.አ. በ1977 የመጽሐፉ አዲስ እትም የማረሚያ ወረቀት ቢመጣለት የፊደሉ መልክ አስከፋው፤ ስለዚህም ቴክ የተባለውን የገጽ ማሰናጃ ፕሮግራም ለመሥራት ተነሣ። ኋላም ሌስሊ ላምፖርት በዚያው ላይ ላቴክን ሠራ። በላቴክ የሚጽፍ ሰው ገጹን በዓይኑ እያየ አያስተካክልም፤ በጽሑፉ መካከል ምልክት ያኖራል እንጂ። ሠንጠረዥ የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን ያመለክታል፤ ርእሱንም በቅንፍ ያጥራል።

አንዱን ቅንፍ መዝጋት የረሳ እንደ ሆነ ግን ጉድ ይፈላል። እኛም በመምህራን ታሪክ ምዕራፍ አንድ ቅንፍ ከፍተን ሳንዘጋ ቀረን። ላቴክ ዝም ብሎ ወደ ፊት ነጎደና ከብዙ መስመር በኋላ ተሰናከለ፤ ስለዚህ ጥፋቱን በሌለበት ቦታ ስንፈልግ ሁለት ማታ አለፈ። በሦስተኛው ቀን፤ ትእዛዝ በጽሑፍ ብቻ የሚቀበለውን የኮምፒዩተሩን ጥቁር መስኮት ከፍተን፤ የቼክቴክን ስም ጽፈን የፋይሉን ስም አስከተልን። ወዲያው የመስመሩን ቁጥር ነገረን። አፈርንም፤ ደስም አለን።

ይህ መሣሪያ ያነባል እንጂ አንዲት ፊደል እንኳ አይለውጥም። ደግሞም ይጠረጥራል እንጂ አይፈርድም። ለምሳሌ ከ1960 እስከ 1970 ለማለት በሁለቱ ቁጥሮች መካከል አጭር ሰረዝ ብናደርግ፤ በማስጠንቀቂያ ቁጥር 8 የሰረዙ ርዝመት ስሕተት ሊሆን ይችላል ይለናል፤ እውነቱን ነው። የስልክ ቁጥር በአጭር ሰረዝ ከፍለን ብንጽፍም ያንኑ ይላል፤ ይህን ጊዜ ግን የተሳሳተው እርሱ ነው። በመስመሩ መጨረሻ ከፐርሰንት ምልክት ቀጥሎ ስሙንና ቁጥር 8ን ብንጽፍለት ዝም ይላል። ሕጎቹ በላቲን ፊደል ልማድ የተበጁ ስለ ሆኑ ስለ አራት ነጥባችን የሚያውቀው ነገር የለም።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ማስጠንቀቂያው ሁሉ ካለቀ በኋላ ሥራው ተፈጸመ ብለን የተመራቂዎቹን ዝርዝር አትመን ለአንዲት ጓደኛችን ሰጠናት። እናቷ አዩት። የስሟ መጨረሻ «ነሽ» መሆን ሲገባው «ነህ» ተብሎ ተጽፏል። ምልክቱ ትክክል ነው፤ ቅንፉም ተዘግቷል፤ ስለዚህ መሣሪያው ምንም አላለም። እናቷ ግን «ይኸ መጽሐፍ ለልጅ ልጅ ይቀመጣል አላችሁ፤ ታዲያ ልጄ በውስጡ ወንድ ሆና ልትኖር ነው?» አሉን። መልስ አጣን።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሁለት ሆነን፤ አንዱ ከመዝገቡ ሲጠራ ሌላው በወረቀቱ ሲከተል፤ ዝርዝሩን እንደ ገና አነበብን። ሌሎች 3 ስሞች ተበላሽተው ተገኙ።

መጽሔቱ ወደ ማተሚያ ቤት የሚሄደው በሚመጣው ሰኞ ነው። ዝርዝሩን በአዳራሹ በር አጠገብ ሰቅለነዋል፤ እርሳስም በክር ታስሯል። ክኑት በመጻሕፍቱ ውስጥ ስሕተት ላገኘ አንባቢ 2 ዶላር ከ56 ሳንቲም ሲሸልም ኖሯል፤ እኛ ይህን ያህል ገንዘብ የለንም። ሆኖም ከመውጣታችሁ በፊት እባካችሁ የልጃችሁን ስም አንብቡልን።