የጎረቤት አደራ

የዛሬው ንግግሬ ስለ ውርስ አጣሪ ነው። ውርስ አጣሪ ማለት የሟችን ንብረት የሚቆጥር፣ ዕዳውን የሚከፍል፣ የቀረውን ለወራሾች የሚያስረክብ ሰው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሟች በኑዛዜው አጣሪ መሾም እንደሚችል ይናገራል። የግድ ዘመድ መሆን የለበትም። ወንድም ለሰሊጥ ሥራ መተማ ወርዶ ሳለ፣ አይከል ላይ ከአልጋው አጠገብ የሚገኘው ጎረቤት ነውና ብዙ ጊዜ አደራው በጎረቤት ላይ ይወድቃል።

ችግሩም ከዚሁ ይመጣል። ጎረቤት ማለት እኮ ወሰንተኛ ነው። እህል የተበዳደረ፣ በሬ ያቀናጀ ነው።

እንበል፣ አያ እገሌ ሞቱ። ሚስታቸውና ሁለት ትንንሽ ልጆች ቀሩ። አጣሪው እርስዎ ነዎት። እርሳቸው አንድ በሬ፣ እርስዎም አንድ በሬ ነበራችሁ፤ በመቀናጆ ስታርሱ ኖራችኋል። አሁን ለዕዳ ክፍያ የሟች በሬ ሊሸጥ ነው። እሱ ከሄደ ክረምቱን በምን ያርሳሉ? ስለዚህ ልግዛው ይላሉ። ታዲያ ዋጋውን ማን ይቁረጥ? ሻጩም እርስዎ፣ ገዢውም እርስዎ! የቱንም ያህል እውነተኛ ቢሆኑ ልብ ወደ ርካሹ ያደላል። በሬው ገበያ ይውጣ፤ ሰው እየሰማ ዋጋው ይጠራ። ወይም ወራሾቹ ይስማሙና ሌላ ሰው ይገምት።

ሟች ከእርስዎ አንድ ኩንታል ጤፍ ተበድረው ነበር እንበል። እውነት ይሆናል። ግን የሞተ ሰው «ከፍያለሁ» ብሎ አይከራከርም። ስለዚህ ከጎታው ራስዎ ሰፍረው አይውሰዱ። ለወራሾች ይንገሩ፤ ካላመኑ ዳኛ ይየው። የሚከብደው ግን የተገላቢጦሹ ነው። ማንም የማያውቀው የሟች 300 ብር በእርስዎ እጅ ቢኖርስ?

ከሁሉ የባሰው ወሰን ነው። መሬት አይሸጥም፤ በመሬቱ የመጠቀም መብት ግን ይወረሳል። የወሰኑ ድንጋይ ሁለት ክንድ ቢገፋ ሕፃናቱ አያውቁትም። እንደኔ ከሆነ፣ ወሰንተኛ አጣሪ የሟችን የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር እቤቱ አያስቀምጥ። ደብተሩ ሚስትየዋ ዘንድ ይሁን።

«እርሻውን ለኔ በቃላቸው ተናዘውልኛል» የሚልም አይጠፋም። ሕጉ ለቃል ኑዛዜ 2 ምስክር ይጠይቃል፤ ያም ሆኖ በቃል ከ500 ብር በላይ ስጦታ መናዘዝ አይቻልም። ሌላ ሰው የጻፈው ኑዛዜ ደግሞ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት።

አጣሪ በከንቱ ይልፋ ማለቴ አይደለም። ሥራው የሚገባው ከሆነ ሕጉ ዋጋ እንዲከፈለው ይፈቅዳል። በግልጽ ይጠይቅ። በጓዳ የሚወሰድ ቅቤ ግን የድካም ዋጋ አይባልም።

እንግዲህ ፊደል ቆጥራችኋል፤ ጽፋችሁ ያዙት። ሁለት ቅጂ ይጻፍ፤ አንዱ ለሚስትየዋ ይሰጥ። እንዲህ ተብሎ ይጀመር፦ «ከአጣሪው የሚፈለግ፣ 300 ብር። በሬ፣ 1። ላም፣ 1። ጤፍ፣ 4 ኩንታል።»