ከቆጣሪው ወዲያና ወዲህ
(በመብራት አገልግሎት ሥራ ላይ ያለን አባላት ለማኅበራችን ጉባኤ ያቀረብነው ንግግር)



በዚህ አዳራሽ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ እንጀራ ጋግራችሁ የምታድሩ ናችሁ። እኛ ደግሞ ቆጣሪ የምናነብ፣ ስልክ የምናነሳ፣ መስኮት ላይ ተቀምጠን አቤቱታ የምንቀበል ነን። መብራት በጠፋ ማግስት ዊንጌት አካባቢ ስንገናኝ ሰላምታችሁ ይቀዘቅዛል። «ሊጤ ኮመጠጠ፤ ምን እየሠራችሁ ነው?» ትሉናላችሁ። አንቀየማችሁም። ያ ሊጥ የቤት ኪራይ ነው፣ የልጅ ደብተር ነው፣ የዕቁብ ገንዘብ ነው። መብራት ጠፋ ተብሎ የእኛ ደመወዝ አይቀነስም፤ የእናንተ ገቢ ግን በዚያው ቀን ይቀራል። ስለዚህ ከቆጣሪው ወዲያ ያለውን ልንነግራችሁ ፈለግን።

ቆጣሪ አንባቢዋ ከደጅ ደጅ ስትዞር ትውላለች። ያልታሰረ ውሻ አለ፣ የተቆለፈ በር አለ፣ «ሂሳቡ የበዛው አንቺ አሳስተሽ ነው» የሚል አለ። ስልክ የምታነሳዋ ቁጣውን ቀድማ ትሰማለች፤ ምሰሶ ላይ የሚወጣው ግን ሌላ ሰው ነው። በክረምት ሌሊት ከእንጦጦ ግርጌ ባሕር ዛፍ ሽቦ ላይ ሲወድቅ፣ የጥገና ሠራተኛው መስመሩ መቋረጡን ሳያረጋግጥ አይነካውም። ዘገየ ከምትሉት ሰዓት ውስጥ የሰው ነፍስ የሚጠበቅበትም አለ።

«ግድብ ተሠርቶ እንዴት መብራት ይጠፋል?» ትሉናላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው ቆቃ 43 ሜጋ ዋት ገደማ ነበር። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ነገር ግን ኃይል መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ እስከ ጓዳችሁ የሚያደርሰው ትራንስፎርመርና ሽቦ ሌላ ነው።

አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። በ220 ቮልት 16 አምፔር አካባቢ ማለት ነው። ሁለት ምጣድ አንድ ላይ ሲበራ 32 ይሆናል። ይህን ሁሉ ከአከራይ ቤት በተቀጠለ ቀጭን ሽቦ ስትስቡት ሽቦው ይግላል፣ ልባሱ ይቀልጣል፤ ልጆች የተኙበት ቤት እሳት ሊነሳ ይችላል። በዓውዳመት ዋዜማ ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ ስለሚጋግር ትራንስፎርመሩ ይጨናነቃል። ሂሳቡም እንዲሁ ነው። ታሪፉ በእርከን ስለሆነ ሦስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ፍጆታው ተደምሮ ከፍ ወዳለው እርከን ይገባል።

ስለዚህ እህቶቻችን፣ ሦስት ነገር እንለምናችኋለን። መጀመሪያ፣ ለሽያጭ የምትጋግሩ አከራዮቻችሁን አነጋግራችሁ የራሳችሁን ቆጣሪ ጠይቁ፤ በቡድን የምትሠሩ ባለሦስት ፌዝ ጠይቁ። ሁለተኛ፣ ያለ ደረሰኝ ለማንም ገንዘብ በእጅ አትስጡ፤ ከእኛ አንዷ ብትጠይቃችሁም እንኳ። ሦስተኛ፣ ወረፋ አስዘልሉን አትበሉን። የምናስዘልለው ወረፋ የሌላዋ እናት ነውና።

ለደጋፊዎቻችን ያለን ቃል አጭር ነው። ምጣድ ስትሰጡን ሽቦውንም አስቡልን። የማኅበሩ ተዘዋዋሪ ብድር እስከ ዛሬ ለምጣድና ለጤፍ ይውላል፤ ለቆጣሪ ማስገቢያና በባለሙያ ለሚዘረጋ የቤት ውስጥ መስመርም እንዲፈቀድ ጉባኤው እንዲወስን እንጠይቃለን። የመስመሩን ሥራ የሚሠሩትም ሙያውን የተማሩ የሰፈራችን ሴት ልጆች ቢሆኑ ደስ ይለናል።

እናቶቻችን ከእንጦጦ እንጨትና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው እየወረዱ አሳድገውናል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያን ሸክም ከእኛ ላይ አውርዶልናል። አሁን የሚቀረን ምጣዱን ያለ ስጋት ማብራት ነው።